ድሬዳዋ ቤቴ ያለው የማይንክራፍት ሰርቨር ከውጭ አይገባም፤ ፖርት 25565 ዝግ ነው ይላል

የሳቢያን_ልጅ፣ ድሬዳዋ
ቅዳሜ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። ሦስት ቀን ታግዬ ስላልቻልኩ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው። እስከ ክረምቱ ድረስ እኛ ጋ ሳቢያን ነበር የሚኖረው። ማታ ማታ እኔና እሱ ማይንክራፍት በሚባለው የብሎክ ግንባታ ጨዋታ ላይ የድሬን የምድር ባቡር ጣቢያ እንሠራ ነበር። የፊቱን ግድግዳ ጨርሰን ሐዲዱን ወደ ምሥራቅ መዘርጋት ጀመርን። መስከረም ላይ እናቱ ሥራ ወደ ሐረር ተቀየረችና ይዛው ሄደች። አሁን በየቀኑ እየደወለ "አጎቴ፣ ሐዲዱ የት ደረሰ?" ይለኛል። እኔ ደግሞ እሱ ከሄደ ወዲህ አንድ ብሎክ አልጨመርኩም። ብቻዬን መሥራት አልሆነልኝም።

ስለዚህ የድሮ ዴስክቶፔን ሁለታችን የምንገናኝበት ሰርቨር አደረግኩት። ራሙ 8 ጊጋ ነው፣ ዊንዶውስ 10፣ ጨዋታው ጃቫ ኤዲሽን 1.16.5። ቤት ውስጥ ከላፕቶፔ ስገባ ቀጥ ብሎ ይሠራል። ልጁ ከሐረር ሲሞክር ግን ብዙ ያስጠብቀውና "ኮኔክሽን ታይምድ አውት" ይለዋል።

እስካሁን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ራውተሩ ላይ ገብቼ የጨዋታውን ፖርት (መግቢያ በር) 25565ን በቲሲፒ የመላኪያ ስልት ወደ ሰርቨሩ የቤት ውስጥ አድራሻ (አይፒ) 192.168.1.15 ፎርዋርድ አደረግኩ፣ ማለትም መራሁ። ከውጭ የሚመጣውን በሚያግደው ዊንዶውስ ፋየርዎል ላይ ጨዋታው ለሚሠራበት ለጃቫ ፈቃድ ሰጠሁ። የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል ላይ የአይፒውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ፖርት የሚፈትሹ ድረ ገጾች ሁሉ አሁንም "ዝግ" ይሉኛል።

ምን ቀረኝ?

ከዚራ_ጌመር፣ ድሬዳዋ
ቅዳሜ ማታ 2፡52

አቦ ፋየርዎሉን ጭራሽ አጥፋው። እሱም ካልሠራ ራውተሩ ላይ ዲኤምዜድ የሚል አለ። የኮምፒውተርህን አይፒ እዚያ አስገባው፣ ሁሉም ፖርት ይከፈትልሃል።

የጁገሏ፣ ሐረር
ቅዳሜ ማታ 3፡20

ከዚራ፣ ልትረዳው ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ይህን አያድርግ። ዲኤምዜድ ውስጥ የገባ ኮምፒውተር ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ብቻውን ይቀበላል። ፋየርዎሉም ጠፍቶ ከሆነ የፋይል ማጋሪያው፣ ሪሞት ዴስክቶፑ፣ ሁሉም ለማንም ክፍት ሆነ ማለት ነው። ለሁለት ደቂቃ ሙከራ ማጥፋት አንድ ነገር ነው። አጥፍቶ መተኛት ሌላ ነገር ነው።

ሳቢያን፣ ስህተቱን ቃል በቃል መጻፍህ በጣም ጠቅሞናል። "ታይምድ አውት" እና "ሪፊውዝድ" አንድ አይደሉም። ሪፊውዝድ ቢልህ ኖሮ፣ ብዙውን ጊዜ ጥያቄው ኮምፒውተርህ ድረስ ደርሶ እዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም አጣ ማለት ነው። ታይምድ አውት ሲል ግን እሺም እምቢም የሚል አልተገኘም። ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል፣ ወይም አንዱ ፋየርዎል ዝም ብሎ ጥሎታል። ስለዚህ መንገዱን ነው የምንፈትሸው።

ከውስጥ ጀምረን ወደ ውጭ እንሂድ። መጀመሪያ ሰርቨሩ እየሠራ ሳለ ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተህ "ኔትስታት" የሚለውን ትእዛዝ "ኤኤንኦ" ከሚለው ምርጫ ጋር ጻፍ። 25565 ላይ "ሊስኒንግ" የሚል መስመር አለ? ከፊቱ ያለው አድራሻ 0.0.0.0 ነው ወይስ 127.0.0.1? 127 ከሆነ ሰርቨሩ ከራሱ በቀር ማንንም አይሰማም። ቤት ውስጥ ከላፕቶፕ ስለገባህ ይህ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም፤ ቢሆንም እየው።

ሁለተኛ፣ ፎርዋርድ ስታደርግ ሁለት የፖርት ቁጥር ይጠይቅሃል፣ የውጭና የውስጥ። ሁለቱም 25565 መሆናቸውን እይ። እኛ ጁገል ላይ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር አሉን። እንግዳውን በሸዋ በር ግባ ብለህ ተቀባዩን ኤረር በር ላይ ብታቆመው ሁለቱም ሲጠባበቁ ይመሻል።

ሦስተኛ፣ ከውጭ የሞከርከው በምን ነበር? በቤትህ ዋይፋይ ነው ወይስ በዳታ?

የሳቢያን_ልጅ
እሑድ ጠዋት 1፡15

ማታ መብራት ሄዶብኝ ነው የዘገየሁት። አሁን አየሁት። 0.0.0.0፣ 25565፣ ሊስኒንግ ይላል። ፎርዋርዱ ላይ ሁለቱም ቁጥር 25565 ነው። ሙከራውን ያደረግኩት ግን በቤቴ ዋይፋይ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚታየውን አይፒዬን አስገብቼ ነበር።

የጁገሏ
እሑድ ጠዋት 1፡40

እንግዲያው ያ ሙከራ አይቆጠርም። ብዙ ራውተሮች ከቤት ወጥቶ በራሱ የውጭ አድራሻ ተመልሶ የሚገባን ጥያቄ አያስተናግዱም። ሁሉ ነገር ትክክል ሆኖም ከውስጥ "አይሠራም" ይልሃል። የስልክህን ዋይፋይ አጥፋና በዳታ ሞክር። ወይም ላፕቶፕህን ከስልክህ ሆትስፖት አገናኝ።

ሌላም አለ። ፖርት የሚፈትሹት ድረ ገጾች ሰርቨሩ ጠፍቶ ሳለ ከሞከርካቸው ሁልጊዜ "ዝግ" ነው የሚሉት። የሚያዳምጥ ፕሮግራም የሌለበት ፖርት ለእነሱ ክፍት አይደለም። ኮንሶሉ (የሰርቨሩ መቆጣጠሪያ መስኮት) ተከፍቶ "ደን" ካለ በኋላ ነው መፈተሽ።

ደቻቱ_ማዶ፣ ድሬዳዋ
እሑድ ጠዋት 2፡05

መብራት ሄደብኝ ስትል አንድ ነገር አስታወስከኝ። እኔ ጋ ሰርቨሩ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ድንገት ቆመ። ምንም የነካሁት ነገር የለም። አንድ ሙሉ ቀን ፋየርዎል ስፈትሽ ዋልኩ።

ምክንያቱ መብራቱ ነበር። መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይጠፋል። ሲመለስ ቤት ውስጥ ላለው ዕቃ ሁሉ እንደ አመጣጡ አዲስ አድራሻ አደለ። ከኮምፒውተሩ በፊት የእህቴ ስልክ ተገናኝቶ የኮምፒውተሩን ቁጥር ወሰደው። ፎርዋርዱ አልተቀየረም፤ ግን ጓደኞቼን ሁሉ ወደ እህቴ ስልክ ነበር የሚልካቸው።

ራውተሩ ላይ አድራሻ የሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚለው ውስጥ ግባና የኮምፒውተርህን ማክ አድራሻ (የዕቃውን መለያ ቁጥር) ከ192.168.1.15 ጋር እሰረው። አንዴ ካሰርከው መብራት መቶ ጊዜ ቢሄድ አይቀየርም። መብራት ጠፍቶ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ግዴታ ነው።

የሳቢያን_ልጅ
እሑድ ጠዋት 3፡30

ወላሂ አድራሻው ተቀይሮ ነበር! ዛሬ ጠዋት 192.168.1.22 ሆኖ አገኘሁት። አሁን 15 ላይ አሰርኩት። አላህ ይስጥህ ደቻቱ።

ከዚያ ሰርቨሩን ከፍቼ ስልኬን ዳታ ላይ አድርጌ፣ ላፕቶፑን በሆትስፖት አገናኝቼ ሞከርኩ። አሁንም ታይምድ አውት። ፋየርዎሉንም ለአንድ ደቂቃ አጥፍቼ ደገምኩት። ያው ነው።

ኬብል_ዘርጊው፣ ድሬዳዋ
እሑድ ቀን 6፡10

ልጆች፣ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው። የቀረው አንድ ነገር ነው። እኔ ብሆን እሱን መጀመሪያ አደርገው ነበር፤ የብዙ ሰው ድካም እዚያ ላይ ነው የሚቀረው።

የራውተርህን ገጽ ክፈት። ስታተስ የሚለው ውስጥ "ዋን አይፒ" የሚል አለ። ራውተሩ ከውጭ የተቀበለው አድራሻ ነው። ጻፈው። ቀጥሎ ጉግል ላይ "የእኔ አይፒ" ብለህ ፈልግ። ዓለም የሚያይህ በዚያ ቁጥር ነው። ጻፈውና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው።

አንድ ከሆኑ ችግሩ እዚያው ቤትህ ነው፤ አብረን እናገኘዋለን። ከተለያዩ ግን ራውተርህ ላይ ምንም ብትከፍት ከሐረር የሚመጣ ሰው አይደርስብህም።

የሳቢያን_ልጅ
እሑድ ቀን 7፡00

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ እንዳሉት አየሁ። ይለያያሉ። ራውተሩ ላይ ያለው በ100.82 ይጀምራል። ጉግል የሚያሳየኝ ፈጽሞ ሌላ ነው። ምን ማለት ነው?

ኬብል_ዘርጊው
እሑድ ቀን 8፡25

አንተ በለኝ፣ ድሬ ነን።

በ100.82 ጀመረ ካልክ ነገሩ አለቀ። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው የአድራሻ ክልል ለአንድ ሥራ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመደበ ነው። ኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛን ከአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ሲያስቀምጡ የሚጠቀሙበት ነው። ሲጂናት ይባላል። አንተም የሰፈርህም ሰው ምናልባት በአንድ የውጭ አይፒ ነው የምትወጡት።

በፖስታ ሳጥን ላስረዳህ። እኛ አገር ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ቤት ድረስ አይመጣም፣ ፖስታ ቤት ያለ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው። አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አለ እንበል። ሠራተኛው ብዙ ነው፣ ሳጥኑ አንድ ነው። አንተ ወደ አዳማ ደብዳቤ ስትልክ ጸሐፊዋ "ይህ ከሦስተኛው ክፍል የወጣ ነው" ብላ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች። መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይታ ጠረጴዛህ ላይ ታስቀምጥልሃለች። ለዚህ ነው ድረ ገጽ የሚከፈትልህ፣ ቪዲዮ የምታየው። ጀማሪው አንተ ነህ።

አሁን ከሐረር አንድ ልጅ፣ አንተ ምንም ሳትጽፍለት፣ ሳጥኑ ላይ "ለ25565" ብሎ ደብዳቤ ላከ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ታገላብጣለች። የለም። የማን እንደሆነ አታውቅም፣ ትጥለዋለች። አንተ ፖርት ፎርዋርድ ስታደርግ የራስህ ክፍል በር ላይ ነው ማስታወሻ የለጠፍከው። ጸሐፊዋ ያለችው ሌላ ሕንፃ ነው። ማስታወሻህን አላየችውም፣ ልታየውም አትችልም።

ማንም ሆን ብሎ የዘጋብህ ነገር የለም። የድሮው የአይፒ አድራሻ ባለ 32 ቢት ነው። በጠቅላላ 4.29 ቢሊዮን ገደማ ቁጥር ነው ያለው፤ ከሕዝቡ ያንሳል። ዓለም አቀፉ ክምችት እ.ኤ.አ. የካቲት 2011 ለአምስቱ የአህጉር መዝገቦች ተከፋፍሎ አለቀ። የእኛ አህጉር መዝገብ ሞሪሸስ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ አንዱን ቁጥር ለብዙ ሰው ማካፈል በመላው ዓለም የተለመደ ሆነ። አንተ ጋ ብቻ የደረሰ አይደለም።

የሳቢያን_ልጅ
እሑድ ቀን 8፡50

ሦስት ቀን የታገልኩት የራሴ ክፍል በር ላይ ነበር ማለት ነው። አሁን ገባኝ። ለልጁ "ዛሬ ይሠራል" ብዬ ሦስቴ ቃል ሰጥቼው ሦስቴም ቀርቷል። አራተኛውን ከመስጠቴ በፊት እርግጠኛ መሆን እፈልጋለሁ። መፍትሔ አለው?

ከዚራ_ጌመር
እሑድ ቀን 9፡05

ይህን አንብቤ የእኔንም አየሁ። የእኔ ዋን አይፒ በ192.168.1 ይጀምራል። እኔም ሲጂናት ውስጥ ነኝ?

ኬብል_ዘርጊው
እሑድ ቀን 9፡30

ከዚራ፣ የአንተ ሌላ ነው፣ ቀላልም ነው። 192.168 የቤት ውስጥ አድራሻ ነው። አቅራቢው የሰጠህ ሳጥን አለ፣ ከኋላው ደግሞ የራስህን ራውተር ሰክተሃል አይደል?

ከዚራ_ጌመር
እሑድ ቀን 9፡34

አዎ፣ እዚሁ ድሬ ከታይዋን ገበያ የገዛሁት። ዋይፋዩ መኝታ ቤት ስለማይደርስ።

ኬብል_ዘርጊው
እሑድ ቀን 9፡50

ሁለት ራውተር፣ ሁለት በር። የምትከፍተው የውስጠኛውን ብቻ ነው። ከሁለት አንዱን አድርግ። ወይ በመጀመሪያው ሳጥን ላይም ፖርቱን ወደ ሁለተኛው ራውተር ምራ። ወይ ደግሞ ሁለተኛውን አክሰስ ፖይንት በሚለው ሁነታ አስቀምጠው፤ ያኔ ዋይፋይ ብቻ ያከፋፍላል፣ በር አይሆንም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያውን ሳጥን ዋን አይፒ እይ። እሱም በ100 ከጀመረ ከሳቢያን ጋር አንድ ወረፋ ላይ ናችሁ።

ሳቢያን፣ ወደ አንተ ልመለስ። መንገዶቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛው አቅራቢውን የራስህ የውጭ አይፒ መጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ለድርጅት ደንበኛ በክፍያ የሚሰጥ ነው። መጠየቅ አይከፋም። ለአንድ ልጅና ለአንድ አጎት ጨዋታ ግን ወጪው አይመስለኝም።

ሁለተኛው አይፒ ቨርዥን 6 ነው። እዚያ አድራሻ አያልቅም፣ መካፈልም የለም። "አይፒኮንፊግ" ስትል በ2 የሚጀምር ረጅም አድራሻ ካሳየህ ዕድል አለ። ግን ልጁ ጋም መኖር አለበት፤ አንዳችሁ ብቻ ካላችሁ አይረባም።

ሦስተኛው ተነል ነው። ፕሌይ ኢት፣ ኤንግሮክ የሚባሉ አሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ውጭ ያለ ሰው ወደ አንተ መምጣት ካልቻለ፣ አንተ ወደ ውጭ ውጣ። ኮምፒውተርህ ላይ የምትጭነው ትንሽ ፕሮግራም ወደ እነሱ ሰርቨር ይደውላል፣ መስመሩን ይዞ ይቆያል። ልጁ የሚገባው በእነሱ አድራሻ ነው። ጀማሪው አንተ ስለሆንክ ጸሐፊዋ መዝገብ ላይ አለህ። ጉዳቱ ርቀቱ ነው። ድሬና ሐረር መካከል 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተነሉ ሰርቨር አውሮፓ ከሆነ ግን ልጁ አንድ ብሎክ ባስቀመጠ ቁጥር ጥያቄው ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል።

አራተኛው የግል ኔትወርክ ነው። ቴልስኬል ወይም ዜሮቲየር። አንተም ልጁም ትጭኑታላችሁ፣ ሁለቱ ኮምፒውተሮች አንድ ቤት ያሉ ያህል ይተያያሉ። ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ትጽፋላችሁ፤ ሁለቱም ጸሐፊዎች መዝገብ ላይ ስላላችሁ የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው እንደ መልስ ሆኖ ይገባል። ከተሳካ ትራፊኩ ቀጥታ በእናንተ መካከል ይሄዳል። አንዳንድ ሲጂናት ይህን አይቀበልም። ያኔ በእነሱ ማስተላለፊያ በኩል ይዞራል፣ ፒንጉ (ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ይጨምራል፣ ግን ይሠራል።

አምስተኛው ውጭ አገር ሰርቨር መከራየት ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። ብዙዎቻችን እዚያ ላይ እንቆማለን።

ለአንተ አራተኛውን እመርጥልሃለሁ። ሰዎቹ ሁለት ናቸው፣ ትተዋወቃላችሁ፣ ፖርት መክፈት አያስፈልግም። ራውተሩ ላይ የከፈትከውንም መልሰህ ዝጋው። የማይጠቅም ክፍት ነገር አይተውም።

የጁገሏ
እሑድ ማታ 1፡15

በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል፤ ሳቢያን፣ 1.16.5 ነው የምትጠቀመው ብለሃል።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2021 ሎግ ፎር ጄ በሚባለው፣ የጃቫ ፕሮግራሞች መዝገብ ለመያዝ በሚጠቀሙበት ክፍል ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። ማይንክራፍት ጃቫም ይጠቀምበት ነበር። ጨዋታው ውስጥ ቻት ላይ አንድ መስመር በመጻፍ ብቻ የሰርቨሩን ኮምፒውተር መቆጣጠር ይቻል ነበር። ቀዳዳው የተደፈነው በ1.18.1 ነው። ከዚያ በፊት ላሉት ሰርቨሮች ሞጃንግ ለየቨርዥኑ የተለየ ማስተካከያ አውጥቷል። የእርሱን መመሪያ ፈልገህ አድርገው፣ ወይም ቨርዥኑን አሳድግ። ለ1.18 ጃቫ 17 ያስፈልግሃል። ዓለማችሁን ከማሳደግህ በፊት ፎልደሩን ሌላ ዲስክ ላይ ቅዳው። ስንት ማታ የሠራችሁት ጣቢያ ነው።

ዋይትሊስትም (የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር) አብራ። ኮንሶሉ ላይ የአንተንና የልጁን ስም ጨምር። የገቢውን ማንነት የሚያረጋግጠውን "ኦንላይን ሞድ" ወደ ሐሰት የቀየርክ ከሆነ ደግሞ ማንም በማንም ስም መግባት እንደሚችል እወቅ። አንድ ሰው በልጁ ስም ገብቶ ቢያናግርህ አትለየውም። ሰርቨሩ ውስጥ ያለው ልጅ ስለሆነ ነው አጥብቄ የምነግርህ።

አዳማ_27
እሑድ ማታ 2፡00

እኔ ጋ ልጆቹ በስልክ ነው የሚጫወቱት። ሰርቨር ከፍቼ በቲሲፒ 25565 ፎርዋርድ አደረግኩ። የውጭ አይፒዬ ከራውተሩ ጋር አንድ ነው፣ አረጋግጫለሁ። አይገባም።

የጁገሏ
እሑድ ማታ 2፡12

የስልኩ ጃቫ ሳይሆን ሌላው ዓይነት፣ ቤድሮክ ኤዲሽን ነው። ፖርቱ 19132 ነው፣ የሚሄደውም ዩዲፒ በሚባል ሌላ የመላኪያ ስልት እንጂ በቲሲፒ አይደለም። ፎርዋርዱን ቀይር። ፖርት መፈተሻ ድረ ገጾች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቲሲፒን ብቻ ነው የሚያዩት፤ ዩዲፒህ ክፍት ሆኖም "ዝግ" ሊሉህ ይችላሉ። ከስልክ በዳታ ሞክር፣ እሱ ነው እውነተኛው ፈተና። ሰርቨርህ የጃቫ ከሆነ ደግሞ ቤድሮክ ብቻውን አይገባበትም፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ጋይሰር የሚባል ፕሮግራም መጨመር አለብህ።

አዳማ_27
እሑድ ማታ 2፡45

ዩዲፒ አደረግኩት፣ ገባ! ሁለት ሳምንት ነው። ኑሩልኝ።

ከዚራ_ጌመር
ሰኞ ቀን 10፡20

የእኔም ተከፈተ። የመጀመሪያው ሳጥን የውጭ አይፒ ነበረው፣ ሁለተኛውን አክሰስ ፖይንት አደረግኩት። ግን አንድ ነገር ደግሞ ይዞኝ ነበር፣ ሌላውም ሰው እንዲያውቀው ልጻፈው። ጃቫን መጀመሪያ ስከፍት ዊንዶውስ "ይፈቀድ ወይ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ሳላነብ ሰርዝ ብዬው ነበር። ለካ ያኔ የክልከላ ደንብ ጽፏል። ከዚያ በኋላ የፈቃድ ደንብ ብጨምርም ክልከላው ፈቃዱን ይበልጠዋል። የገቢ ደንቦች ዝርዝር ውስጥ ቀይ ምልክት ያለባቸው ሁለት የጃቫ መስመሮች አገኘሁና ሰረዝኳቸው። ወዲያው ተከፈተ። ፋየርዎሉ አሁን እንደበራ ነው።

የሳቢያን_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 3፡10

ትናንት ስለ ውጭ አይፒ ጠይቄ ነበር። ለድርጅት እንጂ ለግለሰብ ቤት እንደማይሰጥ ተነገረኝ። ስለዚህ ቴልስኬልን ጫንኩ። እህቴ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ በስልክ እየነገርኳት አብረን ጫንነው። እሷ "አሁን የቱን ልጫን?" እያለች፣ ልጁ ከኋላዋ "እማ እኔ አውቀዋለሁ" እያለ አንድ ሰዓት ፈጀ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር አስደንግጦኝ ነበር። ቴልስኬል የሰጠኝ አድራሻም በ100 ይጀምራል። እንደገና ሲጂናት ነው ብዬ ልተወው ነበር።

ኬብል_ዘርጊው
ማክሰኞ ማታ 3፡25

አብሽር። እነሱም ከዚያው ክልል ነው የሚቀዱት። ልጁ ሰርቨር አድራሻ ላይ የሚያስገባው ያንን ነው። የራውተሩን 100 እና የቴልስኬሉን 100 አታደባልቃቸው እንጂ ሌላ ችግር የለውም። "ቴልስኬል ፒንግ" ብለህ ሞክረው፤ ቀጥታ ነው የሚሄደው ወይስ በማስተላለፊያ?

የሳቢያን_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 3፡40

መጀመሪያ በማስተላለፊያ ነበር። ጥቂት ከቆየ በኋላ ራሱ ወደ ቀጥታ ተቀየረ። ልጁ አሁን እየገባ ነው፣ ቆይ።

የሳቢያን_ልጅ
ማክሰኞ ማታ 5፡05

ገባ።

ኮንሶሉ ላይ ስሙ ብቅ ሲል ስልኩን ይዤ ነበር። ምንም አላለም፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። በቀጥታ ወደ ጣቢያው ሮጠ። ክረምት ላይ ያቆምንበት ቦታ ላይ አንድ ሳጥን ትተን ነበር፣ ውስጡ 48 ሐዲድ ነበረ። ከፍቶ ቆጠራቸው። "አልነካሃቸውም" አለኝ። አዎ፣ አልነካኋቸውም። ዛሬ ማታ 31ዱን ዘረጋን። እናቱ ነገ ትምህርት አለ ብላ አስወጣችው።

የጁገሏ ያለችውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ቀዳሁ፣ ወደ 1.18.1 አሳደግኩ፣ ዋይትሊስቱ በርቷል፣ ኦንላይን ሞዱም እውነት ላይ ነው። ራውተሩ ላይ የከፈትኩትን ፖርት ዘጋሁት። መብራት ድንገት ቢሄድ እንዳይበላሽ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ኮንሶሉ ላይ "ሴቭ ኦል" እጽፋለሁ፤ አንድ አሮጌ ዩፒኤስም ከጎረቤት ተውሻለሁ።

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። አስተዳዳሪ፣ ርዕሱ ላይ "ተፈቷል" የሚል ጨምሩልኝ።

ደቻቱ_ማዶ
ማክሰኞ ማታ 5፡20

17 ሐዲድ ቀርቷችኋል።